ለሰው እጅ የማይሰጥ ጠመንጃ

ባለቤቴ የአየር ጠመንጃውን ያገኘው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ በአንድ ሰው ደጃፍ ከተደረገ ያርድ ሴል የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ነው። እኔ የድስት ክዳን ሳገላብጥ እሱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንስቶት፣ አፈሙዙን ወደ ሣሩ ዝቅ አድርጎ፣ ሰደፉን በመዳፉ ሲዳስስ አየሁት። ፊቱን ሳይ ክርክር እንደማይጠቅም ገባኝ። የግራ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ፊቱ እንደዚያ በርቶ አላየሁም ነበር።

ዓይኑን የወሰደው ግላኮማ ነው። እኛ የድካም መስሎን ቸል ስንል ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሐኪሙ ስለ ግራው ብዙም አልተናገረም፤ የቀኙን ግን ጠብቅ፣ ሌላ የለህም አለው። ታክሲ መንዳቱን ትቶ አርሊንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ያን ጊዜ የተማርኩት ነገር ቢኖር አንድ ዓይን ቅርቡንና ሩቁን መለየት እንደሚቸግረው ነው። ባለቤቴ ሻይ ሲቀዳ የማንቆርቆሪያውን አፍ መጀመሪያ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር ያነካካል። መርፌ ቀዳዳ ይመስል ሁሉን ነገር ፊቱን አስጠግቶ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ያንን አንድ ዓይን ከእሱ ይልቅ እኔ ተሸክሜው የምዞር ይመስለኛል። ቁም ሣጥን ከፍቶ ከተወ እዘጋለሁ፤ ሽንኩርት ስከትፍ ወዲያ ሂድ እላለሁ፤ ማታ ውዳሴ ማርያም ስደግም በስሙ የምጠራው የአካል ክፍል እሱ ብቻ ነው።

ጠመንጃው ባሩድ የለውም። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው ሲያቀባብሉት ሆዱ ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ ይታመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይፈናጠርና አየሩን ይገፋል፣ አየሩም ትንሿን እርሳስ ይተፋታል። ከቤታችን ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ በአሮጌ ልብስ የተጠቀጠቀ ሣጥን ላይ ወረቀት ለጥፎ ይተኩስ ጀመር።

«ሌላው ሰው ሲያነጣጥር አንዱን ዓይኑን መጨፈን አለበት» አለኝ። «ለኔ እግዜር ጨፍኖልኛል።»

«እግዜርን እዚህ ውስጥ አታስገባው» አልኩት። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልተሰማ ቀልድ ነው።

ጠመንጃው አሮጌ ስለሆነ በተተኮሰ ቁጥር እንደተመታ ሽቦ ዥንንን እያለ ይጮሃል፤ እጁን ያንዘረዝረውና ዒላማውን ያስተዋል። ባለቤቴ ይሄንን ለማስተካከል ተነሣ። «ቲውን ላደርገው ነው» አለ። በዩቲዩብ አንድ ሰውዬ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በታትኖ፣ ጠርጎ፣ ቅባት ቀብቶ ሲገጥም ደጋግሞ ያያል።

«ሰውዬው ስንት ዓይን አለው?» አልኩት።

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጠርኩ።»

መጀመሪያ ግን አልፈታውም፤ በዘይት ነው የጀመረው። አባቱ አገር ቤት ምንሽር ነበራቸው። በየሳምንቱ እንደ ልጅ እያገላበጡ ዘይት ሲያጠጡት፣ ብረት ሲጠማ ያኮርፋል ሲሉ ነው ያደገው። እሱም አፈሙዙን ሰብሮ ዘይቱን በደንብ አፈሰሰለት። ከላይ ሳህን ሳጥብ ቤዝመንቱ ጓ! አለ። እውነተኛ ጠመንጃ ነው የተተኮሰ የመሰለኝ። ወርጄ ሳየው ከአፈሙዙ ጭስ ይወጣል፣ ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ እሱ ይስቃል።

«አየሽ? ጉልበት አገኘ!»

ደጋግሞ ተኮሰ። ከዚያ ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ አለና ጠመንጃው እንደ ሽማግሌ አክታ ቱፍ ብቻ ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው አሌክሳንድሪያ ያሉትን ጋሼን ያነሣሁበት። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ባለቤታቸው እስኪያርፉ ድረስ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ አገር ቤት አውሮፕላን ይጠግኑ ነበር፤ በአብዮቱ ዘመን ወጥተው እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ያው አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖሩ። አሁን ጋራዣቸው ውስጥ የሰው የአየር ጠመንጃ ይሠራሉ። ፈረንጆቹ ከፌርፋክስም ከዚያም ማዶ ያመጡላቸዋል፤ ግድግዳው ላይ በየአንገታቸው ወረቀት ታስሮላቸው ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ተደርድረዋል።

«ለእሳቸው እንስጣቸው» አልኩት። «ሥራቸው ነው። ሞላ መፍቻ ማሽን አላቸው።»

«አይሆንም።»

«ገንዘቡ ነው?»

«ገንዘቡ አይደለም። ጠመንጃ ለሰው እጅ አይሰጥም።»

ስቄበት ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። አባቱ ጠመንጃቸው ሲበላሽ ሠሪው ቤት ድረስ ይጠራል፤ ጠላ ይቀዳለታል፤ አባትየው ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ጠመንጃው ሰው ቤት አያድርም። ከእጅ ወደ እጅ እንኳ አይቀባበሉትም፤ ለወንድምም ቢሆን።

«ይሄ እኮ ወፍ ማባረሪያ ነው» አልኩት። «የአባትህ ምንሽር አይደለም።»

«ጠመንጃ ጠመንጃ ነው።»

«እንግዲያው አብሮህ ይተኛ።»

«አንቺ ካልቀናሽ።»

እንደዚህ ተቀላልደን ተውነው። እኔ የተወው መስሎኝ ነበር።

እሑድ ነው። ሌሊት ሥራ ስለነበረ ይተኛ ብዬ ለብቻዬ ቅዳሴ ሄድኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ የቤዝመንቱ በር ገርበብ ብሏል። ገና እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ ድምፁ መጣ።

«ቀስ ብለሽ ነይ። እንዳትዘይ፤ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ።»

ድምፁ የእሱ አይመስልም። ቀጭን ነው፤ በጥርሱ መሃል የሚወጣ።

የድሮው የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጠመንጃው ሰደፉ ወልቆ፣ ቱቦው ብቻ ተጋድሟል። ባለቤቴ የተጣበቀ እንጨት በሚያጠብቁበት ረጅም ሞርሳ ሞላውን አምቆ፣ ከኋላ የሚዘጋውን ብረት የያዘችውን ፒን አውጥቷል። ከዚያ ቀስ እያለ ሞርሳውን ሊያላላ ሲል የሞርሳው አፍ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄደ። አሁን ሞላውን የያዘው የሞርሳው ጠርዝና የሱ ሁለት መዳፎች ናቸው። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቱ ደግሞ፣ ያ ፊት፣ ሞላው ቢያመልጥ ቀጥ ብሎ ከሚመጣበት በላይ ተደፍቷል።

ከጎረቤት ሰው ልጥራ አልኩ። እስክትመለሺ አልችልም አለኝ። በስመ አብ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ! ቅዳሴው እንዴት—»

«ጋሼ፣ ሞላው ሊያመልጠው ነው!»

«የማን ሞላ?»

የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ፤ ባለቤታቸው የታመሙ ጊዜ ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ የነበራቸው ድምፅ ነው።

«ፒኗ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች?»

«ወጥታለች።»

«ፊቱ የት ነው?»

«እዚሁ ነኝ ጋሼ» አለ ባለቤቴ።

«እዚሁ የት?»

«ከብረቱ በላይ።»

«አንሣው! አሁኑኑ ፊትህን ከዚያ አንሣ!»

«ቀዳዳው አይታየኝም እኮ። ካልቀረብኩ...»

«ማን እይ አለህ? አንተ አሁን ሞርሳ ነህ። ሞርሳ ዓይን የለውም። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙርና ግፋ፤ ሌላ ሥራ የለህም። አንቺ ልጅ!»

«አቤት ጋሼ።»

«ወፍራም ነገር ፈልጊና ጭንቅላቱ ላይ ጣይ። ከዚያ ከጎን ቁሚ። ከኋላው እንዳትቆሚ፤ ሰምተሻል? ከጎን።»

የክረምት ጃኬቱን ከማንጠልጠያው አወረድኩና ፊቱን ሸፈንኩት።

«ልታፍኑኝ ነው?» አለ ከውስጥ።

«ዝም ብለህ ግፋ!» አልን ሁለታችንም፣ ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፣ እኔ ከአጠገቡ።

ፒኗ እንድትገባ በቱቦው ላይ ያለው ቀዳዳና በመዝጊያው ብረት ላይ ያለው ቀዳዳ መገጣጠም አለባቸው። የስልኬን መብራት አብርቼ ከጎን ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነው። ከዚያ ሲገፋ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነች ብርሃን ታየችኝ።

«ትንሽ ግፋ። ትንሽ። ግማሽ ሆነ... አለፈ! መልስ!»

«የምን መመለስ? እኔ ነኝ የምመልሰው? እሱ ነው እኔን የሚመልሰኝ!»

«አትሟገት» አሉ ጋሼ። «እሷ የምትልህን ብቻ።»

ፒኗ በቅባት ተለውሳ ከጣቴ ታመልጣለች። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኳት። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያልኩ ነበር፤ ጮክ ብዬ መሆኑን ያወቅኩት ጋሼ ከወዲያ አብረውኝ ሲሉ ሰምቼ ነው። ብርሃኗ ሞላች። ፒኗን ሰደድኳት፤ ጫፏ ያዘ፣ ከዚያ ቆመች።

«ግማሽ ገብታለች!»

«በመዶሻ ነካ አድርጊያት። ሚስማር አይደለም የምትመቺው፤ ነካ።»

ነካ አደረግኳት። ነካ። በማዶ ብቅ አለች።

«እስከ ማዶ ወጣች?»

«ወጣች ጋሼ።»

«እንግዲህ እጅህን አንሣ፣ አንተ ጎበዝ። ቀስ ብለህ።»

አላነሣም። የማይፈልግ ሆኖ አይደለም፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነው። አንድ በአንድ እኔ አላቀቅኳቸው። መዳፉ ላይ የብረቱ ጠርዝ ታትሞ ቀርቷል። ሞላው ባለበት ጸጥ አለ።

ያለፈ መሰለኝ። ጃኬቱን ከፊቱ ላይ ሳነሣለት ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያገኘሁት፤ እንባ እየወረደው።

«ምን ሆንክ?»

«ቅድም ሞርሳው ሲንሸራተት አንድ ነገር ገብቶብኛል።»

«ከቅድም ጀምሮ?»

«እጄን አንሥቼ ልጠርገው አልቻልኩማ።»

ቀዳዳው አይታየኝም ያለው ስለ ቀዳዳው አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ከብረቱ በላይ ተደፍቶ የነበረው ምንም ሳያይ ነው።

ሥራ የምይዘው ቦርሳ ውስጥ የዓይን ማጠቢያ ውኃ አለ። ቤዝመንቱ ውስጥ ካለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ አስጎነበስኩትና የዓይኑን ቆብ በጣቴ ገልጬ አፈሰስኩበት። የሰው ዓይን ስንቴ አጥቤያለሁ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ቀና አለና ዓይኑን ገለጠው። ወደ እኔ ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ ነው የሚያየው።

«መብራቱ በርቷል?» አለኝ።

በርቷል። ከራሱ በላይ፣ ሁለቱም አምፖል።

ስልኩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው፤ ጋሼ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩ። አፈሰስኩ። ስሟን እየጠራሁ አፈሰስኩ፤ እመቤቴን። ደግሞ ቀና አለ።

«ጥለትሽ» አለ በመጨረሻ። «አረንጓዴ ነው። ቅባት ነክቶታል።»

ገንዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ መኪና አስነሥቼ ኢመርጀንሲ ወሰድኩት። ብናኝ ብረት ነበር፤ ቧጭሮታል እንጂ አልበሳውም አሉን። ጠብታ ሰጡን። ቁስሉ እስኪድን ቤቱን በዳበሳ ነው የኖረበት። ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ፤ በጋደመበት ቆቡን ገልጬ። አልተቆጣሁትም። ብቆጣ ይቀለው ነበር መሰለኝ፤ ዝምታዬን እየፈራ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይስቃል። እኔም ስለ ዝምታዬ ይቅር በለኝ ብዬ አልጸለይኩም።

አንድ ቀን ጠብታውን አድርጌለት ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ለጋሼ ደውይላቸው» አለኝ።

ቅዳሜ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ገባን። ጠመንጃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመኪናው ኋላ ተኝቷል። ጋሼ ጋራዡን ከፍተው፣ ሹራባቸው ላይ ሽርጥ አድርገው ቆመዋል። ብርድ ልብሱን ገልጦ ሲያወጣው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤቴ ጠመንጃውን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አልሰጠም፤ አልከለከለም፤ ቀረ ብቻ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ እጃቸውን መልሰው ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ፣ የቆሸሸ ይመስል።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» አሉት። «ራስህ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ትንፋሹን ሰማሁት። አጠገቡ ሊቆም ቦታ ሲይዝ ጋሼ በጣታቸው የጋራዡን በር አሳዩት።

«አንተ ውጭ።»

«እዚሁ እቆማለሁ ጋሼ። አልነካም።»

«ውጭ አልኩህ። እኔ ሞላ ስፈታ አንድ ዓይን ያለው ሰው እዚህ አይቆምም።»

«መነጽር ይስጡታ» አልኩ እኔ፤ ስላሳዘነኝ።

«መነጽርማ ሦስት አለኝ። ዓይን ነው አንድ ያለው።»

ባለቤቴ ጠመንጃውን አየ፤ በሩን አየ። የአባቱ ቤት ቢሆን መልሱ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃ ትቶ መውጣት የለም። ወደ እኔ ዞረ። ጠመንጃውን ከገዛው ጀምሮ ከዚያች እሑድ በቀር በጣቴ ነክቼው እንደማላውቅ ያውቃል።

«አንቺ ያዢልኝ» አለና ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው።

ጋሼ መነጽር አጠለቁልኝ። ማሽናቸው ከራሳቸው እጅ የወጣ ነው፤ ጠመንጃውን ከፊትም ከኋላም በብረት ቀፎ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሞላው ቢያብድ እንኳ የሚሄድበት የለውም። የእኔ ድርሻ ቱቦውን መያዝ ነበር፤ ማሽኑ ስለያዘው ባልይዘውም ይችላል፤ ጋሼ ግን ያዢ አሉኝ፤ ያዝኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ፒኗን አወጡና እጀታውን ወደ ኋላ ያዞሩ ጀመር። አንድ ዙር፣ ቆም፣ አንድ ዙር። ከመዳፌ ሥር የሞላው ጉልበት ቀስ እያለ ሲያልቅ ይሰማኛል፤ የተቆጣ ሰው ትንፋሹ እየረጋ ሲሄድ ዓይነት ነው።

ሞላው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጋሼ ኋለኛውን ቁራጭ በፒንሳ አንሥተው መብራት ላይ ያዙት። ጫፉ እንደ ወስፌ ሾሏል፤ ወደ ኋላ ነው የዞረው፤ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ደፋበት።

«ልደብቀው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይ። ይየው።»

ገብቶ አየው። ፊቱን ሊያስጠጋ ሲል ተወና በአውራ ጣቱ ጫፉን ዳሰሰ።

«ዘይት አጠጣኸው አይደል?» አሉት ጋሼ።

«አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።»

«አባትህ ልክ ናቸው። የእሳቸው ባሩድ ነው። ይሄ አየር ነው፤ ዘይት ስታገባበት እዚያ ውስጥ ይቀጣጠላል፤ የናፍጣ ሞተር አደረግከው። ሞላው ያንን አይችልም።» ቁራጮቹን ጨርቅ ላይ አኖሩ። «አዲስ ሞላ ማዘዝ አለብኝ። ውስጡንም ሞርጄ፣ ለእጅ የሚስማማ አደርገዋለሁ፤ ያ ጩኸትም ይቀራል። ግን እዚህ ያድራል። ከአንድ ሌሊትም በላይ።»

ጋሼም አልጎተጎቱትም፤ ፒንሳቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ግድግዳው ላይ ያሉት የሰው ጠመንጃዎች ሁሉ የሚያዩን መሰለኝ። ባለቤቴ የተረፈውን ዓይኑን ሁለት ሦስቴ አርገበገበ፤ አሁንም ትንሽ ይቆረቁረዋል። ከዚያ ባዶውን ቱቦ ከጠረጴዛው አነሣ፣ ሰደፉን በሌላ እጁ ደረበ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

ጋሼ ወዲያው አልወሰዱም። እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ደግመው ጠረጉና በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«አፈሙዙን ወደ ላይ ያቁሙልኝ» አላቸው።

«ወደ ላይ ነው የማቆመው።»

«ሲደርስ ይደውሉልን። አይቸኩሉ።»

ወደ መኪናው ስንሄድ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ ወደ ኋላ አጣመራቸው። ቦርሳዬን ሰጠሁት። ተቀብሎ ይዞልኝ ሄደ።